የአካባቢያችሁን ሳር በስም ለማወቅና ለመቁጠር፦ ለወሎ ሰው የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

አክስቴ ሐይቅ አካባቢ ትኖራለች። ባለፈው መስከረም ከቤቷ ጀርባ ያለውን ተረተር አብረን ወጣን። የጎረቤት እረኛ ልጅም አብሮን ነበር። መንገድ ላይ አንድ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ሳር አገኘን። ልጁ በበትሩ ነካ አደረገውና «ይሄን ከብት አይነካውም፤ ዝም ብሎ ቦታ ይይዛል» አለ። አክስቴ ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ዳሰሰች። «ምን ማለትህ ነው ልጄ! ይሄ እኮ አክርማ ነው። መሶቤ በምን የተሠራ መሰለህ?» አለችው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አክርማ በርክቶ የሚታይበት መሬት ብዙ ጊዜ ግጦሽ ከአቅሙ በላይ የበዛበት መሬት ነው።

ሦስታችንም ያልነው ልክ ነው። ያው አንድ ሳር ለእረኛው ከንቱ፣ ለሰፌድ ሰፊዋ ሀብት፣ ስለ መሬት ለሚጨነቅ ሰው ደግሞ ምልክት ነው። ስለዚህ የአንድን ቦታ ሳር አውቃለሁ የሚል ሰው ለሁሉም ጆሮ መስጠት አለበት። ይህን መመሪያ የጻፍኩት የራሳችሁን ሜዳ፣ ተረተር ወይም ከንክኪ ነጻ የተባለ ቦታ ሳር በስም እንድትመዘግቡ፣ ብዛቱን እንድትለኩ፣ ከዚያም ሥራ ላይ እንድታውሉት ነው። የሚያስፈልጋችሁ ነገር ሁሉ ቤት ውስጥ አለ፦ ደብተር፣ እርሳስ፣ አምስት ሜትር ገመድ፣ አራት ካስማ፣ ማጭድ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ የወጥ ቤት ሚዛን እና ስልክ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ሳር ስንል አረንጓዴውን የከብት መኖ ብቻ እያሰብን ብዙ ነገር እናልፋለን። ጤፍ ሳር ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ ሳር ናቸው። ቀርከሃና ሸምበቆም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በዓለም ላይ የሳር ቤተሰብ ከ11 ሺህ በላይ ዝርያ አለው። እንጀራችንም፣ ጠላችንም፣ የበሬያችን ጉልበትም ከዚያ ቤተሰብ ነው።

ወሎ ደግሞ ለዚህ የታደለ ምድር ነው። ከከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ ናቸው። ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከቆላ እስከ ውርጭ ያለው የአየር ጠባይ ሁሉ በአንዱ ወሎ ውስጥ ተደርድሯል። በዚህ ላይ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ የሚያገኙ ብዙ ቦታዎች አሉ። ታች ያለው ሙቀት የለመደ ሳር ነው፤ ላይ ያለው ውርጭ የሚችል ነው። መሀል ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ።

የወሎ ገበሬ ለሳር ያለውን ዓይን ለማወቅ ማሽላውን ማየት ይበቃል። ወተት በጉንጬ የሚባለውን የማሽላ ዓይነት የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ስሙን ያወጣለት ገበሬው ነው፤ ጣዕሙን ቀምሶ። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ከወሎ በተሰበሰቡ የማሽላ ዓይነቶች ውስጥ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ከተለመደው ማሽላ እጅግ በልጦ እንደሚገኝ አሳወቁ። ዓለም ያን ጊዜ ሰማ። ወተት በጉንጬ ብሎ የጠራው ገበሬ ግን ከዚያ ቀድሞ ያውቀው ነበር። ለዱር ሳሩም እንዲህ ያለ ዕውቀት በየመንደሩ አለ። ችግሩ አለመጻፉ ነው።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ምረጡ

ሳር የሚለየው በራሱ ነው። ራስ የምለው አበባውንና ፍሬውን የሚይዘውን ዛላ ነው። ዛላ ሳያወጣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ ባለሙያም ይሳሳታል። ለአብዛኛው ወይና ደጋ ጥሩው ጊዜ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ቆላው ቀደም ይላል፤ ውርጩ ዘግየት ይላል። በልግ በሚያገኝ ቦታ ሚያዝያና ግንቦት ላይም አንድ ዙር ብትወጡ ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ሳር ቶሎ አብቦ ይጠፋል።

ጥቅምት ካለፈ ከብቱና ማጭዱ ይቀድሟችኋል። የሚተርፈው ከብት የማይወደው ብቻ ይሆንና መዝገባችሁ ይዛባል። ጠዋት ጤዛው ሲተን ውጡ። ጤዛ ያለበት ሳር ተቆርጦ ጋዜጣ ውስጥ ሲገባ ይሻግታል።

ደረጃ 2፦ የሚያውቁትን ሰዎች ጠይቁ

ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋችኋል፦ እረኛ፣ ስፌት የምትሰፋ ሴት፣ ቤት የሚከድን ሰውና አራሽ። እረኛው ከብት የቱን አስቀድሞ እንደሚበላ፣ የቱ በባዶ ሆድ እንደሚነፋ ያውቃል። ሰፊዋ የቱ እንደሚጠነክር ታውቃለች። ከዳኙ ዝናብ የማያሳልፈውን ያውቃል። አራሹ ደግሞ ከማሳው ነቅሎ ነቅሎ ያልጨረሰውን ያውቃል።

አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቁ። «ይሄ ሰርዶ ነው አይደል?» አትበሉ። ወሎዬ ይሉኝታ አለው፤ እንግዳ ላለማሳፈር «አዎ» ሊላችሁ ይችላል። «ይሄን እናንተ ምን ትሉታላችሁ?» በሉ። ከዚያ «ለምን ይሆናል? ድሮ ከአሁኑ ይበዛ ነበር ወይ?» ብላችሁ ቀጥሉ። ከተቻለ ለየብቻ ጠይቋቸው። ታላቅ ሰው ካለ ታናሹ አፉን ይይዛል።

ስሙን እንደ ሰማችሁት ጻፉት። ቦሩ ሜዳ ላይ የሰማችሁት ስም ቆቦ ላይ ሌላ ሣር ሊሆን ይችላል። ከሚሴና ባቲ ላይ የኦሮምኛውን፣ ሰቆጣ ላይ የአገውኛውን ስም ጨምሩ። ሁለት ሰው ሁለት ስም ከሰጣችሁ አንዱን አትሰርዙ። ማን እንዳለው ጽፋችሁ ሁለቱንም አስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ ሳር መሆኑን እዩ

ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ይዛችሁ አሽከርክሩት። ክብ ሆኖ ያለ ችግር ከዞረ፣ ላዩ ላይ አንጓ ካለው፣ ስትሰብሩት ደግሞ በአንጓዎቹ መሀል ክፍት ከሆነ ሳር ነው ማለት ይቻላል። ሦስት ማዕዘን ሆኖ ጣታችሁ ላይ ጠርዙ ከተሰማችሁ፣ ውስጡም ድፍን ከሆነ የእንግጫ ዘመድ ነው። ቅጠሉንም ከላይ ቁልቁል እዩት። የሳር ቅጠል በሁለት ረድፍ ነው የሚወጣው፤ የእንግጫ ወገን በሦስት።

ለዘመን መለወጫ ልጃገረዶች የሚነቅሉት እንግጫ፣ ለበዓልና ለቡና የምንጎዘጉዘው አብዛኛው ቄጠማ የዚህ ወገን ነው። ስለዚህ ከሳር ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ግን አትተዉት፤ በሌላ ገጽ መዝግቡት። ቄጠማ ባለበት ውኃ አለ። ቄጠማው ከሜዳው እየጠፋ ከመጣ ምንጩ እየሸሸ ነው ማለት ነው፤ ይህም መጻፍ አለበት። በሳር መሀል የሚበቅለውን ማጌጥም እዚያው ገጽ ላይ ጻፉት። ማጌጥ ባቄላና አተር ካሉበት ቤተሰብ ነው። ለከብት ፕሮቲን፣ ለአፈር ናይትሮጅን ይሰጣል። ማጌጥ ያለበት ድርቆሽ ከሌለበት ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ቀርባችሁ እዩት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንዱን ሳር ከነሥሩ ንቀሉና ተቀመጡ። ከሥር ጀምራችሁ ወደ ላይ እዩት። ሥሩ ብቻውን የቆመ ነው? ወይስ መሬት ለመሬት የሚሄድ ገመድ አለው? ቀጥሎ አንጓውን እዩ። ከዚያ ግንዱን እንደ ሰገባ የሚያቅፈው የቅጠል ክፍልና ወደ ውጭ የሚዘረጋው ቅጠል የሚገናኙበትን ቦታ ገልጣችሁ እዩ። እዚያ ላይ ወይ ስስ ነጭ ሽፋን፣ ወይ አጫጭር ፀጉር ታገኛላችሁ። ሁለት የሚመሳሰሉ ሳሮችን የሚለየው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። የስልክ ካሜራችሁን አቅርባችሁ ፎቶ አንሱት። በመጨረሻ ዛላውን እዩ።

የምታገኟቸውን ጥቂቶቹን ላሳያችሁ።

ሰርዶ በየደጁ አለ። መሬት ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ ከአፈር በታችም ይሄዳል። ዛላው ከአንድ ነጥብ የሚወጡ ከሦስት እስከ ስድስት ቀጫጭን ጣቶች ነው። ቅጠሉ ከግንዱ የሚለይበት ቦታ ላይ አጭር ፀጉር አለው። ሳይንሳዊ ስሙ ሲኖዶን ዳክቲሎን ነው። ለአራሹ ጠላት ነው፤ ለከብት ግን ምግብ፣ ለተረተር ደግሞ አፈር የሚይዝ መረብ ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚባለው ወዶ አይደለም፤ አህያ ምን እንደሚጥማት ያየ ሰው ነው ያንን የተረተው።

ስንደዶ ዛላው እንደ ድመት ጭራ ነው። ይህን ሳር ማወቅ የፈለገ ሰው ከልጃገረዶች ጋር ሊመዘዝ ይውጣ። አክስቴ እንዴት እንደሚመዘዝ አሳየችኝ። ዛላውን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ከሱ በታች ያለውን ቀጭን ግንድ በሁለት ጣቷ ያዘችና ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ሳበችው። ሲጥ የሚል ድምፅ አሰማና ከሰገባው ውስጥ ወጣ። ከታች በኩል ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ አንድም አንጓ የሌለበት ዘንግ ነው። «ካጣመምሽው ይሰበራል፤ ከተጎተተ ደግሞ ሥሩ ይነቀላል። እንዲህ ከተመዘዘ ግን ለከርሞም አለ» አለችኝ። ይህ ይደርቃል፤ ገሚሱ በቀለም ተነክሮ ዓለላ ይሆናል። በወስፌ እየተወጋ የሰፌድና የሙዳይ ጌጥ የሚሆነው እሱ ነው።

አክርማ፣ ያ መጀመሪያ ያነሳሁት፣ የዳጉሳ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ጠንካራና ጠባብ ነው። ጠርዙ ላይ እዚህም እዚያም ነጭ የጥጥ ብናኝ የመሰለ ፀጉር አለው። አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። በአንድ እጅ ለመንቀል ያስቸግራል። ከብት የሚተወው ለዚህ ነው፤ ከብት ስለሚተወውም በተጋጠ ሜዳ ላይ ይበዛል።

ሰንበሌጥ ረጅም ነው፤ ከሰው ቁመት የሚያልፍበት ቦታ አለ። ዛላው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይከፈላል፤ ቡናማ ጠመዝማዛ ጭራዎች አሉት። ለጋ ሳለ ከብት ይበላዋል፤ ከጠና በኋላ ለክዳን ነው የሚሆነው። ለክዳን ስታጭዱ ዘሩ እስኪረግፍ ታገሡ። ሁለት ሳምንት መታገሥ የሚቀጥለውን ዓመት ሰንበሌጥ ያተርፍላችኋል።

ሙጃ የአንድ ዓመት ሳር ነው። በለምለም ማሳ ውስጥ ይበዛል፤ አራሹን ያስመርረዋል። ለላም ግን ከገለባ ሁሉ ይበልጣል። ከማሳ ስትነቅሉት ጥላችሁት አትሂዱ፤ ዘር ሳይቋጥር ወደ በረት ውሰዱት።

ጓሳ ለማየት ሽቅብ መውጣት ይጠይቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አቡነ ዮሴፍ ወይም ቦረና ሳይንት ሄዳችሁ እዩት። ቅጠሉ ቀጭንና የተጠቀለለ ነው፤ ውኃ እንዳይተን ነው እንዲህ የሆነው። እግር ሥር ጉቻ ጉቻ ሆኖ ይቆማል። ገመድ ይሆናል፣ ክዳን ይሆናል፣ የእረኛ ገሳ ይሆናል። በሥሩ አይጦች ይኖራሉ። አይጦቹን ደግሞ ቀይ ቀበሮ ያድናል። ጓሳው ከታረሰ ቀበሮው የት ይሄዳል? በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ ቤት የለውም፤ ከቀሩት ጥቂት ቤቶቹም ሁለቱ እነዚህ የወሎ ተራሮች ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የማታውቁትን የሳር ፍሬ አታኝኩ። በስንዴና በገብስ መሀል የሚበቅለው እንክርዳድ ሳር ነው፤ ስንዴ ይመስላል። ከእህል ጋር ተፈጭቶ ከተበላ ያዞራል፣ ያስመልሳል።

ደረጃ 5፦ በገመድ ቁጠሩ

እስካሁን «ምን አለ?» ነው ያልነው። አሁን «ምን ያህል አለ?» እንበል። ገመዱን በየአንድ ሜትሩ ቋጥሩት። በአራቱ ቋጠሮዎች ላይ ካስማ አስገቡና በአራት ማዕዘን ዘርጉት። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ካሬ ታገኛላችሁ።

ቦታውን አትምረጡ። ዓይን ለምለሙን ስለሚወድ በዓይን ከመረጣችሁ ውጤቱ ይዋሻል። ከሜዳው አንድ ጫፍ ተነሥታችሁ በቀጥታ ሂዱ። ሃያ እርምጃ በሞላ ቁጥር እግራችሁ ያረፈበት ላይ ገመዱን ዘርጉ። ድንጋይም ሆነ ባዶ መሬት ቢሆን ዘርጉ። ለአንድ መካከለኛ ሜዳ አሥር ካሬ ይበቃል። ተረተር ከሆነ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ለየብቻ ቁጠሩ፤ አፈሩ ይለያያል።

በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያለውን ሳር በስም ጻፉ። ከጎኑ ከካሬው ስንት በመቶውን እንደሸፈነ ገምቱ። ባዶ መሬቱንም በመቶኛ ጻፉ። ሁለት ሰው ለየብቻ ገምቶ ቢያወዳድር ይሻላል። ሰርዶ ከአሥሩ ካሬ በዘጠኙ ከተገኘ ድግግሞሹ 90 በመቶ ነው። በአንድ ካሬ ብቻ የተገኘ ሳር ካለ ክበብ አድርጉበት። በጥንቃቄ የምትጠብቁት እሱን ነው።

ባዶ መሬቱ እያደገ፣ አክርማው እየበዛ፣ ከብት የሚወደው እየቀነሰ ከሄደ ሜዳው ዕረፍት ይፈልጋል። ቅንጬ አረም፣ ፓርቲኒየም የሚባለው፣ አንድም ግንድ ካገኛችሁ ደግሞ ለብቻው በትልቁ ጻፉት። በቆቦና በራያ በኩል ያለ ሰው ጉዳቱን ያውቀዋል። ሳሩን ያፍናል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ ላም ከበላችው ወተቷን ያመርረዋል። ሳያብብ፣ ጓንት አድርጋችሁ ንቀሉት።

ደረጃ 6፦ ናሙና አድርቁ

ከእያንዳንዱ ሳር አንድ ሙሉ ናሙና ውሰዱ፦ ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠልና ዛላ ያለው። አፈሩን አራግፉ። ረጅም ከሆነ ዚግዛግ አድርጋችሁ አጥፉት፤ አትቁረጡት። በጋዜጣ መሀል ዘርጉትና በሁለት ካርቶን ያዙት። ላዩ ላይ ድንጋይ ጫኑ።

ጋዜጣውን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በየቀኑ ቀይሩ። የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሳልሠራ ሠላሳ ያህል ናሙና በላስቲክ ከረጢት ይዤ ከደላንታ ደሴ ገባሁ። በሁለተኛው ቀን ስከፍተው ሁሉም ሻግቷል። አንድ ሙሉ ሳምንት የፈጀ የእግር መንገድ ነበር። ላስቲክ አትጠቀሙ።

ናሙናው ላይ ወረቀት አያይዙ። ቀን፣ ቀበሌ፣ ከፍታ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የአካባቢው ስም፣ ጥቅሙና ስሙን የነገራችሁ ሰው ሥራ ይጻፍበት። ከፍታውን ስልካችሁ ይነግራችኋል። ወረቀት የሌለው ናሙና ጭድ ነው። ስሙን ማረጋገጥ ስትፈልጉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም እንዲህ ያለ የደረቀ ናሙና የሚወዳደርበት ቦታ ነው። ቅርብ የሆነው ደግሞ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

ደረጃ 7፦ መዝኑ

ይህ ደረጃ ከብት ላለው ሰው ነው። ከአሥሩ ካሬ ሦስቱን ምረጡ፦ ደህናውን፣ መካከለኛውንና ደካማውን። በካሬው ውስጥ ያለውን ሳር ከመሬት አራት ጣት ያህል ትታችሁ እጨዱ። ጥላ ሥር አድርቁት። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ጠብቁና መዝኑ። ሦስቱን ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉ።

ለምሳሌ አማካዩ 200 ግራም ቢሆን አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ 2,000 ኪሎ ደረቅ ሳር አለ ማለት ነው። ግማሹን ለሜዳው ተዉለት። የቀረው 1,000 ኪሎ ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን የክብደቷን 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ 6 ኪሎ ከሩብ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ሄክታር አንዲት ላም ለ160 ቀን ይይዛል። አምስት ላም ከሆነ 32 ቀን። ቁጥሩ ፊታችሁ ሲቀመጥ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ይቀላል።

ግማሹን ተዉ ያልኩት ለደግነት አይደለም። ሳር የሚያድገው ከጫፉ ሳይሆን ከታች፣ ከመሬት አጠገብ ነው። ለዚህ ነው ተግጦም ተመልሶ የሚያቆጠቁጠው። ግን ለማቆጥቆጥ ቅጠል ይፈልጋል፤ በቅጠሉ ነው ምግቡን የሚሠራው። እስከ ሥሩ ከተጋጠ በሥሩ ያስቀመጠውን ስንቅ ይበላል። ያም ሲያልቅ ይሞታል።

ደረጃ 8፦ ያወቃችሁትን ሥራ ላይ አውሉት

በወሎ ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ በየተረተሩ ከንክኪ ነጻ የተደረጉ ቦታዎች አሉ። በብዙዎቹ ከብት አይገባም፤ ሳሩ ታጭዶ ነው የሚወሰደው። ዝርዝራችሁ በጣም የሚጠቅመው እዚህ ነው። ማን መቼ ይጨድ የሚለውን በሳሩ ዓይነት መወሰን ትችላላችሁ። ስንደዶው ያለበት ጥግ ለሰፊዎች ይቅደም፤ ከመታጨዱ በፊት ይምዘዙት። ሰንበሌጡ ለክዳን እስከ ኅዳር ይቆይ። የቀረው ለድርቆሽ።

ድርቆሽ የሚታጨደው ግማሽ ያህሉ ሳር ሲያብብ ነው። ከዚያ በፊት ምርቱ ያንሳል፤ ከዚያ በኋላ ጭድ ይሆናል። ካጨዳችሁ በኋላ አገላብጡት። ከመከመራችሁ በፊት አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ጠምዝዙት። እጃችሁ ላይ እርጥበት ከተሰማችሁ ገና ነው። አንድ ጥቅምት ዝናብ ሳይመጣ ብለን እኔና ወንድሜ እርጥቡን ከመርነው። ከሳምንት በኋላ እጄን ክምሩ ውስጥ ስከት ይፋጃል። ውስጡ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። በሬዎቹ አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ዓመት በጋው ከብዶን ነበር።

ደሾ፣ ሮደስ፣ ዝሆኔ ሳርና ቬቲቨር በልማት የሚታደሉ ሳሮች ናቸው፤ በዝርዝራችሁ ላይ «የተተከለ» ብላችሁ ለዩአቸው። ጥሩ ሳሮች ናቸው። ደሾ በሥር ቁራጭ በቀላሉ ይተከላል፤ ለእርከን ጠርዝ ይስማማል። የማልስማማው የቆየ ሜዳ ታርሶ እነሱ ሲተከሉበት ነው። የቆየ ሜዳ ውስጥ አሥርና አሥራ አምስት ዓይነት ሳር ልታገኙ ትችላላችሁ፤ አንዱ ድርቅ ሲጎዳው ሌላው ይቆማል። አንድ ዓይነት ብቻ የተተከለበት መሬት ያንን ዋስትና አይሰጥም። እርከኑ ላይ ደሾ ትከሉ፤ ሜዳውን ተዉት።

ጨፋ ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቡበት። የቦርከና ውኃ የሚያጠጣው ያ ሜዳ የእናንተ ብቻ አይደለም። በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ይዘው የሚመጡት እዚያ ነው። ዝርዝሩን ስትሠሩ እነሱንም ጠይቁ። በድርቅ ዓመት የትኛው ሳር ከብት እንዳተረፈ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዘር መያዝ

በክበብ ያደረጋችሁበት፣ በአንድ ካሬ ብቻ የተገኘው ሳር ትዝ ይበላችሁ። ዘሩን ያዙለት። ዛላውን በመዳፋችሁ እሹት፤ ፍሬው በቀላሉ ከረገፈ ደርሷል። ከአንድ ጉቻ ብቻ አትሰብስቡ። ከተገኘ ከሃምሳ ግንድ ሰብስቡ፤ ካለው ዘርም ከአምስት አንዱን ብቻ ውሰዱ፣ የቀረው ለቦታው ነው። በጥላ አድርቁ። በጨርቅ ወይም በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ቀዝቃዛ፣ ደረቅና አይጥ የማይደርስበት ቦታ ስቀሉት። ጭስ ያለበት ጓዳ አይሁን፤ ሙቀቱ ዘሩን ያዳክመዋል።

ብዙ የዱር ሳር ዘር ወዲያው አይበቅልም። ወራት ማረፍ ይፈልጋል። ስለዚህ በዚያው ዓመት ዘርታችሁ ካልበቀለ ተስፋ አትቁረጡ፤ አብሽሩ። ለሰኔ አስቀምጡት። አፈሩን በጣም አትቆፍሩ፤ ጫር ጫር አድርጋችሁ በትኑና በእግራችሁ ረገጥ ረገጥ አድርጉት። የሳር ዘር ትንሽ ስለሆነ በጥልቀት ከተቀበረ መውጫ ያጣል። ብርቅ የሆነ ዓይነት ካጋጠማችሁ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክ አለው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ የአገሪቱን ዘር የሚያስቀምጠው እሱ ነው።

ገመዱን የዘረጋችሁበትን የመጀመሪያውን ቦታ በትልቅ ድንጋይ ምልክት አድርጉበት። ከየትኛው ጫፍ ተነሥታችሁ ወደየት እንደሄዳችሁ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። የሚመጣው መስከረም ላይ ከዚያው ድንጋይ ተነሥታችሁ፣ በዚያው መስመር፣ ሃያ ሃያ እርምጃ እየቆጠራችሁ ትደግሙታላችሁ። አክስቴ ደብተሩን መሶቡ ሥር አስቀምጣዋለች። የአክርማውን ገጽ በስንደዶ ምልክት አድርጋበታለች።